ጩኸት የሚመዝነው ሰው

ወገኖቼ፣ እስቲ ስለ አንድ ፊልም ተመልካች ላውጋችሁ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሥራውን አክባሪ፣ ለሰው ክፉ የማይመኝ ሰው ነው። አንድ ሱስ ብቻ አለችው፤ አስፈሪ ፊልም። አዲስ ወጣ ከተባለ አያመልጠውም።

ምሳ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ከበብ አድርገውት «የዘንድሮዎቹስ እንዴት ናቸው?» ይሉታል።

«ተዉኝ እባካችሁ! ደሙን እንደ ቧንቧ ውሃ ይለቁታል እንጂ ማስፈራት የት ያውቁና! ድሮ በር ሲጢጥ ሲል ነበር ላብ የሚያጠምቀን። የትናንትናዋ ተዋናይ ደግሞ የምትጮኸው ከጉሮሮዋ ነው። የፈራ ሰው ከሆዱ ነው የሚጮኸው። ከአሥር ሦስት ሰጥቻታለሁ።»

ይስቃሉ። እሱም ደስ ይለዋል። ሲናገር የሚሰማው ሰው ማግኘት የማይወድ ማን አለ?

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ አዲስ ፊልም ከፍቶ ተቀመጠ። መሃል ላይ የሴት ጩኸት ሰማ። ፊልሙ ውስጥ ግን የሚጮህ የለም። ፊልሙን አቆመው። ጩኸቱ አልቆመም። ከግድግዳው ማዶ ነው።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት እማማ ስንቅነሽ ናቸው፤ ብቻቸውን። «ቴሌቪዥናቸውን ከፍ አድርገውት ይሆናል» አለ በልቡ።

ከዚያስ? ተነሣ? አልተነሣም። ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ። «ይሄም ከጉሮሮ ነው» ብሎ ፈረደ። ፊልሙን ቀጠለ።

በእኛ አገር እኮ ኡኡታ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከገበያ የተመለሰች ጎረቤት ከእማማ ስንቅነሽ መታጠቢያ ቤት መስኮት የምትወጣ ቀጭን ድምፅ ሰማች። ዘንቢሏን ጥላ ደረጃውን ወጣች፤ ሰው ጠርታ በሩን አሰበረች። እማማ ስንቅነሽ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ በሕይወት አይገኙም ነበር።

ሰውየው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እሳቸው እጁን ያዙት።

«አትዘን መኩሪያ፣ ልጄ። ቤት እንዳልነበርክ አውቄዋለሁ። ብትኖርማ ኖሮ ትደርስልኝ ነበር» አሉት።

ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ማንም። ግን አልቻለም።

«ቤት ነበርኩ፣ እማማ» አለ እያለቀሰ። «ሰምቼዎታለሁ።»

እማማ እጃቸውን ከእጁ ቀስ ብለው አላቀቁ።

ይቅር ይበሉት አይበሉት የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ የእኔ ነገር ከእናንተ ጋር ነው። ፊልም አትዩ ልላችሁ አይደለም እዚህ የቆምኩት። የሰው እንባ ስንት ጊዜ መዘናችሁ? ጎረቤታችሁ ባሏ ሲመታት ስትጮህ «ልማዷ ነው» አላላችሁም? ልጃችሁ «ጨነቀኝ» ስትላችሁ «ታጋንናለች» አላላችሁም? ወንድማችሁ ሲያለቅስ «ያስመስላል» አላላችሁም?

እግዚአብሔር የእኛን ልቅሶ እንዲህ መዝኖት ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ዛሬ እዚህ እንቀመጥ ነበር?

እናንተ ሆይ፣ ጩኸት ስትሰሙ ተነሡ። በሩን አንኳኩ። «ምንም አልሆንኩም» ካሏችሁ ተመስገን ብላችሁ ተመለሱ፤ በከንቱ ደረጃ በመውጣት የሞተ ሰው የለም። ቤት ተቀምጠን ሰምተን ዝም ካልናቸው ሰዎች ግን ስንቱ ሞቷል!