የጋሽ ደምለው የጡት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ሰው በሞላበት ከተማ ሰው ያጡ፣ ጋሽ ደምለው የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸው ከሞቱም አራት ዓመት አልፏል። ቤቱ ጭር ከማለቱ የተነሳ «ደምለው፣ እራት በላህ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁና «በላሁ» ብለው ይመልሱ ነበር። ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል፤ እንዳትስቁባቸው።

ጠዋት ጠዋት ከጉልት ሻጯ ከውባለም አንዲት ቲማቲም ይገዛሉ። ቲማቲም ወደው አይደለም፤ እንዴት አደሩ የምትላቸው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። አንድ ቀን ላብ አጥምቋቸው፣ ግራ ክንዳቸውን እያሻሹ መጡ። ደረቴ ከብዶኛል፣ ምች ሳይመታኝ አልቀረም፣ ዳማከሴ ስጪኝና ቤቴ ገብቼ ልተኛ አሏት። ዳማከሴው ፊቷ ተዘርግቷል፤ ግን አልሰጠቻቸውም። የገዛ አባቷ የሞቱት ምች ነው ተብለው፣ ዳማከሴ ታሽተው ነው፤ ሕመሙ ግን የልብ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ምች አይደለም፤ ልብዎ ነው» አለች። ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታች፣ መኪና ጥሩልኝ ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ቤታቸው ገብተው ቢተኙ ኖሮ በሩን የሚያንኳኳ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆዩ ወደቁ፤ ትንፋሻቸው ቆመ። የቀረውን በኋላ ነው የሰሙት። አንዱ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ሥር ያዘ። ክንፈ ክብሪቱን ገፍቶ ተንበረከከ። ክንፈ ጎረቤታቸው ነው፤ በአጥር ተጣልተው ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። በሚሠራበት ፋብሪካ ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገውን እርዳታ ተምሮ ነበርና ሁለት እጁን ደራርቦ ደረታቸውን መሃሉ ላይ ጠንከር፣ ፈጠን እያደረገ ይጫን ጀመር። የጎድን አጥንታቸው ቀጭ ሲል ሰዉ ተንጫጫ፤ ጠበኛቸው እኮ ነው፣ ሊጨርሳቸው ነው አሉ።

«የተጣላሁት ከሰውዬው ነው» አለ እጁን ሳያነሳ። «ከልባቸው አልተጣላሁም።»

መኪና ግን ጠፋ። በዚያ ያለፈው የሹፌሩ የአለልኝ ሚኒባስ ብቻ ነው፤ የጫነውም ሦስት ሽማግሌዎች፣ የሚሄዱትም የሚወዳትን ልጅ ለራሱ ለአለልኝ ሊጠይቁለት። የልጅቷ አባት በቀጠሮ የማይቀልዱ ቁጡ ሰው ናቸው። አለልኝ ሽማግሌዎቹን ከነጋቢያቸው መንገድ ላይ አወረዳቸው።

«የኔ ሠርግ ይቆያል፤ የሳቸው ልብ አይቆይም» አለ። ክንፈ መኪናው ውስጥም መጫኑን ሳያቋርጥ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ልባቸው እንደገና መምታት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ግን አረፈዱ። አባትየው ናቃችሁኝ ብለው ልጃቸውን ለሌላ ዳሩ።

ጋሽ ደምለው ድነው ቤታቸው ገቡ። ቤቱ እንደ ድሮው ጭር ብሏል። ከሞት ተመልሶ የሚያጫውት ሰው ማጣት ከሞቱ ይብሳል። ስለዚህ የጡት ልጅ ሊይዙ ቆረጡ። በዚያ አገር ልማድ፣ ልጅ የሌለው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፤ የጠባው ዕድሜ ልኩን ልጁ ነው፣ አብሮት ይኖራል። የሚጠባው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ሦስቱንም ጠሩ። ውባለም አባት የላትም። አለልኝ ባዶ ቤት ነው የሚገባው። ክንፈ እርቅ እንኳ ሳያወርድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ለእኔ ይገባል ያለ የለም፤ ሦስቱም አቀርቅረዋል። ጋሽ ደምለው ማር የነካ ጣታቸውን ዘርግተው ሦስቱን ተራ በተራ ያዩ ጀመር፤ አንዱን ሲጠሩ ሁለቱ ሊሄዱባቸው ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሕመማቸውን ካወቀችላቸው፣ ጠቡን ትቶ ከተንበረከከላቸውና ስለሳቸው ትዳሩን ካጣው፣ ልጅነቱ ለማን ይገባል?