የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ

አንዲት ነገር አዋቂ የጉሊት ነጋዴ ስንት ዓመት ቆጥባ የጠበቀችው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላት። ሄዳ ብታየው ቤቱ በር እንኳ አልተገጠመለትም።

በርክክቡ ቀን የቤቶች ኤጀንሲው ኃላፊ በሪባን የታሰረ ቁልፍ ይዞ ጠጋ አላትና፣ «ካሜራ ፊት ይህ ጎደለ፣ ያ ጎደለ ብትዪ ቤቱን ለተጠባባቂ ነው የምሰጠው!» ሲል በጆሮዋ አስጠነቀቃት። ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እስቲ እናታችን፣ ደስታዎን ይግለጹልን!» አለ።

ሴትዮዋ ቁልፉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ሳም አደረገችና መልሳ ዘረጋችለት።

«ዕድሜ ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ብቻ ይህ ቁልፍ እርስዎ ቢሮ ይቀመጥልኝ፤ እቤቴ ካኖርኩት ይሰረቅብኛል።»