ላልሰጠመ ደወል የተለቀሰ ለቅሶ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። አንለይ ይባላል። ከደንገል ሣር በተሠራ ታንኳው ሰውና እህል ሲያሻግር የኖረ፣ ከሐይቁ በቀር ሌላ እርሻ የሌለው ሰው ነው።

በሐይቁ መካከል ባለች ደሴት ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለዘመናት የሚደወለው የድንጋይ ደወል ነበር፤ ድምፁ ከደሴቲቱ አያልፍም። ጉም በወረደ ቁጥር ታንኳ ቀዛፊዎች አቅጣጫ እየጠፋቸው ሐይቁ ብዙ ሰው በልቷል። በመጨረሻ አገሬው ተመካክሮ ሩቅ የሚሰማ የነሐስ ደወል ለማሠራት መዋጮ ጀመረ። ያለው ከብት ሸጠ፣ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ፣ ሴቶች የጆሯቸውን ጉትቻ ሳይቀር አውልቀው አዋጡ። ደወሉ ተሠርቶ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ማን ያሻግረው ተባለ። ሁሉም ባንድ አፍ «አንለይ!» አለ።

የአንለይ ደስታ የቆየው ለአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሁሉ «አደራ!» ይለው ጀመር። ገበያ ሲወጣ አደራ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አደራ። ምግብ አልወርድ አለው፤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። ከመሬት ተነስቶ ሚስቱን ስመኝን ይቆጣል። አንድ ቀን ሆዱ አልችል ብሎት «ስመኝ፣ ግን ይህ ደወል ድንገት ቢሰጥም…» ብሎ ሲጀምር አፉን በእጇ ከደነችው።

«ክፉ አታውራ! ምንም አይሆንም» አለች።

ባልንጀሮቹም «አታሟርት!» ነበር የሚሉት። ስለዚህ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ያዘ፤ ፍርሃቱም እዚያው ሆዱ ውስጥ እያደገ ሄደ።

ደወሉ የሚሻገርበት ቀን ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት እማማ ሙጪት ከደጁ ብቅ አሉ። እማማ ሙጪት አልቃሽ ናቸው፤ በአገሩ ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ በእጃቸው አገልግል ይዘዋል። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና «እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ» አሉት።

«ማን ሞቶብኝ ነው እማማ?»

«ደወሉ ነዋ! ሰጠመ አይደል?»

ስመኝ ብድግ አለች። «ኧረ በስመ አብ! ምን ዓይነት ሟርት ነው በጠዋቱ!»

አሮጊቷ አልተቆጡም። «ሟርት አይደለም የኔ ልጅ። ዕድሜዬን ሙሉ ለቅሶ ቤት የምደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በየሄድኩበት የምሰማውም አንድ ነው፤ ‹ምነው እንዲህ ባደረግን ኖሮ› ነው የሚሉት። ከቀብር መልስ የማይራቀቅ ሰው አላየሁም። ዛሬ አንዴ እንኳ ልቅደም ብዬ መጣሁ።» ወደ አንለይ ዞሩ። «በል ንገረኝ። እንዴት ሆነ?»

አንለይ መሬት መሬቱን እያየ እንደ እውነተኛ ሐዘንተኛ «ነፋሱ ነው እማማ» አለ። «ሸኚው በዛ፣ እልልታው ረዘመ። ስንነሳ ረፍዶ ነበር። ሐይቁ መካከል ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ያዘን።»

«ወይኔ! ምነው ምን ብታደርጉ ኖሮ?»

«ሽኝቱ በዋዜማው አልቆ ጎሕ ሲቀድ ብንነሳ ኖሮ!»

«በነፋስ ብቻ ነው የሞተው?»

«ታንኳዬም እርጥብ ነበረች። ሰሞኑን እህል ሳመላልስባት ውሃ ጠጥታ፣ ሳላደርቃት ጫንኩባት። ደግሞ ብቻዋን ናት። ከወንድሜ ታንኳ ጋር አጣምሬ ባስራት ኖሮ…»

አንዴ አፉ ከተፈታ ማን ያቁመው! የደወሉን መንሸራተት፣ የቀዛፊዎቹን መደናገጥ ሁሉ ዘረገፈው። ስመኝም ሳታስበው ገባችበትና «ያንን ዋና የማይችል ዲያቆን ባትጭኑት ኖሮ!» ብላ ደረቷን መታች። ሦስቱም ሳቁ።

በመጨረሻ እማማ ሙጪት «ይህን ሁሉ አስተካክለህም ቢሰጥምስ?» አሉት።

የአንለይ ፊት ተለወጠ። «እሱ ነው የሚገድለኝ። የት እንደወደቀ እንኳ አይታወቅም።»

«እኔ ካስቀበርኳቸው መቃብሩ የጠፋብኝ ሰው የለም» አሉ አሮጊቷ። «በሁሉም ራስጌ ላይ ድንጋይ ቆሟል።»

የአንለይ ዓይን ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለ ደረቅ ቅል ላይ አረፈ። «ቅል!» አለ። «በረጅም ገመድ ከደወሉ ጋር አስረዋለሁ። ደወሉ ቢሰጥም ቅሉ ይንሳፈፋል።»

እማማ ሙጪት ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ ለቅሶው አለቀ ማለት ነው። አገልግሉን ፈቱና «በል እዝንህን ብላ» አሉት። አንለይ ከስንት ቀን በኋላ በላ፤ ያውም ስመኝ እስክትስቅበት። የዚያን ዕለት ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ቀኑ ደርሶ ጎሕ ሲቀድ ተነሱ። ታንኳዎቹ ደርቀዋል፣ ተጣምረዋል፤ ደወሉም በአፉ ተደፍቶ ዙሪያውን በጭድ ጆንያ ተደግፏል፤ ቅሉም በረጅም ገመድ ታስሮበታል። ዲያቆኑ «ደወሉን ሳልሸኝማ አልቀርም» ብሎ ስላስቸገረ ወገቡ ላይ ሌላ ቅል ታሰረለት። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። የደሴቲቱ ዛፎች መለየት ሲጀምሩ ግን፣ በዚያ ሰዓት ነፍሶ የማያውቅ ነፋስ ከየት መጣ ሳይባል ተነሳ። ማዕበሉ በላያቸው ያልፍ ጀመር፤ ታንኳዎቹ ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። ደወሉ ካልወረደ ሁሉም መገልበጣቸው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንለይ ደወሉን እንዳቀፈ አብሮ ይሰጥም ነበር። ያ ሁሉ አደራ፣ ያ ሁሉ ጉትቻ እንዴት ይለቀቃል? አሁን ግን ቢላዋውን መዘዘና ደወሉን ከታንኳዎቹ ጋር ያሰረውን ጠፍር ቆረጠ።

«አደራውን! ኧረ አደራውን!» ብሎ ዲያቆኑ ጮኸ።

«ተለቅሶለታል!» አለ አንለይ። «ዝም ብለህ ቅዘፍ!»

ደወሉን ገፍተው ጣሉት። ገመዱ እየተተረተረ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ቅሉ በማዕበሉ መካከል ብቅ አለ። ታንኳዎቹ ቀለል ብለው ደሴቲቱ ዳር ደረሱ፤ አንድም ሰው አልጠፋም። በማግስቱ ሐይቁ ሲረጋ አንለይ ወደ ቅሉ ቀዝፎ ሄደ፤ ገመዱን በሌላ ገመድ ቀጥሎ ጫፉን ወደ ዳር አመጣው። የደሴቲቱ ሰው በሙሉ ወጥቶ ጎተተ። ደወሉ ጭቃ ለብሶ ከውሃው ሲወጣ አንለይ ቁጭ ብሎ በደስታ አለቀሰ።

ደወሉ ተሰቅሎ መጀመሪያ በተደወለበት ቀን ድምፁ ሐይቁን አቋርጦ ተሰማ። አንለይ እማማ ሙጪትን ዳር ላይ አገኛቸውና «እማማ፣ ያን ቀን ባይመጡልኝ ኖሮ?» አላቸው።

«መምጣቱንስ እመጣ ነበር» አሉ። «ግን በኋላ ነበር የምመጣው። የማለቅሰውም ለደወሉ አልነበረም።»

ወዳጆቼ፣ እኛ «ክፉ አታውራ» እየተባባልን ስንቱን ፍርሃት ሆዳችን ውስጥ አስቀምጠን እንቀልባለን! እማማ ሙጪት ነፋሱን አላስቀሩትም፤ አንለይም በዚያ ሰዓት ይመጣል ብሎ አላሰበም። ፍርሃቱ ተነግሮ ሲወጣ ግን ግማሹ በጊዜ የሚሠራ ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ለቀረው ግማሽ ደግሞ ቅል ታሰረለት። ሰውየው በጭንቁ ቀን ሳያመነታ ጠፍሩን የቆረጠው ለዚህ ነው።

እናንተንስ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳችሁ ምንድን ነው? ፈተና ነው? ሠርግ ነው? አዲስ የጀመራችሁት ሥራ? እስቲ ዛሬ እንዳለቀለት ቁጠሩትና ለቅሶ ተቀመጡለት። «እንዴት ሆነ?» ብላችሁም ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን ገና ጊዜ ሳለ ትሰሙታላችሁ።