ስለ እግርህ እንዳታስብ

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ። እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ከተቀመጠ እጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል፣ እግሩም በራሱ ጊዜ መርገጫውን ግራ ቀኝ ይረግጣል። እሱ ካላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወት ሲስቅ ይውላል፤ ሸማው ግን ዝንፍ አይልም። ሃያ ዓመት ሲሠራ እግሩ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም።

ታዲያ የአገሩ ንጉሥ ልጁን ሊድር ሆነና አዋጅ አስነገረ፦ «በአንድ ወር ውስጥ ለሙሽራዋ ከሁሉ የላቀ ሸማ ሠርቶ ያመጣ ሸማኔ፣ ዕድሜ ልኩን የቤተ መንግሥቱ ሸማኔ ይሆናል!» አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ክረምት በገባ ቁጥር ገበያው ይጠፋና ሦስት ሴት ልጆቹ ጦማቸውን ያድሩ ነበር። ይህ ዕድል ከተገኘ ያ መከራ አበቃ ማለት ነው።

ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰነው ሌላ ሸማኔ አለ፤ ገላግሌ ይሉታል። እጁም ምላሱም ስል ነው። በእጁ ብቻ አንዳርጌን እንደማይረታው ያውቃልና አንድ ጠዋት ብቅ አለ።

«አንዳርጌ ወንድሜ፣ ይህ ሥራ ያንተው ነው» አለው። «አንድ ነገር ብቻ ልምከርህ። ስትሠራ ስለ እግርህ እንዳታስብ። ስለ እግሩ ያሰበ ሸማኔ አለቀለት!»

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ!» ብሎ ሳቀ አንዳርጌ።

ሰውዬው ገና ከደጃፉ ሳይርቅ መርገጫው ተምታታበት። አሁን ግራውን ነው ወይስ ቀኙን? ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለው። «አላስብም!» አለ፤ ደግሞ ተበጠሰ። በነጋታው እግሩን እንዳያይ ጉድጓዱን በሰሌን ሸፈነው፤ ይብሱን ከሰሌኑ ሥር ያለው እግሩ ብቻ ይታየው ጀመር። በሦስተኛው ቀን በቤቱ ውስጥ «እግር» የሚል ቃል እንዳይነሳ ከለከለ። አንዲት ጎረቤት «እግር ጥሎኝ ነው» ብላ ብትገባ «ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባት። ሚስቱ ክፉኛ ደነገጠች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ሳምንት አለቀ፤ ሸማው አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም።

ተስፋ ቆርጦ ፈትሉን ሊመልስ ወደ ፈተሉለት አሮጊት፣ ወደ እትዬ ስንዱ ሄደ።

«እትዬ፣ ለሌላ ይስጡት። እኔን እንቢ ብሎኛል» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

እትዬ ስንዱ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ሰሙትና ሳቁ። «አይ ያንተ ነገር! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከገዛ ሃሳብህ ጋር ግብግብ ገጥመህ ከረምክ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አስብ እንጂ! ነገ ሥራ ስትጀምር ስለ እግርህ ብቻ አስብ። በረገጥክ ቁጥር ‹ግራ! ቀኝ!› እያልክ ጩህ። ሌላ ሃሳብ ክልክል ነው። አንዴ ብታቋርጥ ተጣላን! ቀትር ላይ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

በማግስቱ አንዳርጌ ጉድጓዱ ገባና «ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!» እያለ ሰፈሩን አደነቆረው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ክሩ ሁለቴ ተበጠሰ፤ ቀጥሎት መጮኹን ቀጠለ። እየቆየ ድምፁ ሰለለ። ዓይኑ ጥለቱ ላይ አረፈና «እዚህ ጋ ትንሽ ቀይ ባስገባበትስ?» ብሎ አሰበ።

በቀትር እትዬ ስንዱ ከተፍ አሉ። «እህ፣ እግርህስ?»

አንዳርጌ ክው አለ። «ውይ እትዬ! ረሳሁት! ይማሩኝ፣ አሁኑኑ እጀምራለሁ!»

«ተው፣ መጀመሪያ ሸማውን እየው» አሉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቢ ያለው ክንድ በአንድ ጠዋት ሞልቶ አልፏል። አንዳርጌ እንባው መጣ።

ቀኑ ደረሰና የንጉሡ ሴት ልጅ የአንዳርጌን ሸማ መረጠች። የገላግሌ ሸማ እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ላላ ያለ፣ የማያምር ሆኖ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ሲወጡ ገላግሌ አላስችል አለው።

«እንዴት አድርገህ ነው ስለ እግርህ ሳታስብ የቀረኸው?»

«አስቤማ ነበር፤ ሰለቸኝና ተውኩት። አንተስ፣ በዚያ እጅህ ምን ሆነህ ነው?»

ገላግሌ አንገቱን ደፋ። «ወር ሙሉ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ከረምኩ። ሥራህ ሲቆም ደስ ብሎኝ እቆማለሁ፤ ሲጀመር ተናድጄ እቆማለሁ። ያንተን እግር ሳስብ የራሴን እጅ ረሳሁት።»

ወዳጆቼ፣ «አላስብህም» ተብሎ የሚባረር ሃሳብ መቼም አይሄድም፤ አባራሪው ራሱ ዘብ ቆሞ ይጠብቀዋልና። ይምጣ፣ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ እናንተ ግን ሥራችሁን አታቁሙ። ሲሰለቸው ይሄዳል። በሰው ልብ ውስጥ እሾህ የሚተክልም መጀመሪያ የሚወጋው የራሱን እጅ ነው።

እናንተንስ ማን በጆሯችሁ ጣል ያደረገው ቃል ነው ከሥራችሁ ያስቆማችሁ? አስቡበት። ደግሞ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ስትነሱ ስለ እግራችሁ እንዳታስቡ!