የተርቧ ስም

አንድ ሰው ነበረ፤ ለአንዲት የውሃ ተርብ በቂም ስም አወጣላት፤ ኋላ ሊመልሰው ቢል አልመለስ አለው።

ይህን የተናገሩት የኔታ አስረስ ናቸው። አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «የኔታ፣ የከዳኝን ሸሪኬን ነገ በእድሩ ፊት ሌባ ብዬ ልጥራው። ከታረቅን አነሳለታለሁ። ምን ይጎዳል?» ቢላቸው ነው።

ሰውየው ሥራው በየምንጩ እየዞረ ቀጫጭን የውሃ ተርቦችን መለየት ነበር፤ ሲያርፉ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ የሚገጥሙትን። የክንፉን ጅማት በማጉያ መነጽር ይቆጥራል፣ የወንዱን የጅራት መቆንጠጫ ይስላል። ማንም ያልጻፈላት ከሆነች መግለጫ ጽፎ ስም ያወጣላታል። የሙያው ሕግ አጭር ነው፦ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል።

ልጅነቱ መራራ ነበር። ላቀው ከሚባል ልጅ ጋር ቁራሽ እየለመነ ተማረ። ንዳድ በጣለው ሰሞን ላቀው አኮፋዳው ውስጥ የነበረውን ቁራሽ በላበት፤ ጥሎትም ሄደ። ሰውየው ዳነ። ነገሩን ለማንም አላወራም።

ካደገ በኋላ በአንድ ጫካ ምንጭ ዳር፣ ጅራቷ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላት ተርብ አገኘ። አዲስ ነበረች። መግለጫዋን በጥንቃቄ ጻፈ፤ ስሟን ግን «ሌባው ላቀው» አላት። ታተመ። የሙያው ሰዎች ሳቁ።

ላቀው ሸምግሎ መጣ፤ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ቁራሽህን በልቻለሁ፤ አልክድም። ርቦኝ ነበር። እኔን ስደበኝ፣ ይገባኛል። ልጄ ግን ያንተኑ ሙያ ነው የምትማረው። ‹የሌባው ልጅ፣ ተርብሽ ደህና ናት?› ይሏታል። ትምህርቱን ልትተወው ነው፤ ስሙን አንሳልኝ።»

ሰውየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። «ግባና ብላ» አለው። «የዛሬውን እንኳ ሰጥቼህ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ታረቁ።

ሰውየው ስሙ እንዲሻር ለሙያው ዳኞች አመለከተ። «መግለጫህ እንከን የለውም፤ ስለዚህ ስሙ ይጸናል። ያወጣኸው አንተም ብትሆን አትሽረውም» አሉት። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፦ ከእሱ በፊት ያችኑ ተርብ ገልጾ ስም ያወጣላት ሰው ከተገኘ፣ የእሱ ስም ይወድቃል። ስለዚህ ለመቀደም ተነሣ። የድሮ መጻሕፍትን አገላበጠ። በየሙዚየሙ መሳቢያ እያስከፈተ፣ በመርፌ የተሰኩ ደረቅ ተርቦችን ከእሷ ጋር አስተያየ። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳሚ ለመሆን የለፋ ሰው፣ «መቼም አንድ የቀደመኝ አይጠፋም» እያለ ባዘነ።

ጠፋ። ከእሱ የቀደመ አልነበረም። የላቀው ልጅ ትምህርቷን ተወች።

የኔታ ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቅርታው ያንተ ነው፤ በፈለግህ ጊዜ ትሰጣለህ። በአደባባይ ያወጣኸው ስም ግን የሰሚው ነው። አንተ ታርቀህ ትገባለህ፤ እድርተኛው ግን የሸሪክህን ልጆች ‹የሌባ ልጆች› ብሎ ሲጠራ አንተን አያስፈቅድም። ደግሞ እውነት ነው እንዳትለኝ። ሰውየውም እውነቱን ነበር የጻፈው፤ ስሙን ማንሻ ያሳጣው ያው እውነቱ ነው።»

«ሁለቱስ እንዴት ሆኑ?» አለ ነጋዴው።

«እንደታረቁ ሞቱ» አሉ የኔታ። «የቀረችው ተርቧ ናት፤ ስሟም ያው ነው።»