ስለ ማዳመጥ የተሰጠ ምክር

ልጇ ምንታምር «ወላጅ አምጪ» ስለተባለች፣ አንዲት ድንች ሻጭ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቀረበች። እሳቸው ልጅቷን ሦስተኛ ክፍል ሊያስደግሟት ወስነዋል።

«ልጅሽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አትጨርስም» አሏት። «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ታናግሪያታለሽ?»

«ጋሼ፣ ቤትማ እኔና እሷ...»

«ስናገር አዳምጪ! ልጅ ሲያወራ በትዕግሥት ማስጨረስ ነው።»

«እሱማ እኛ ቤት...»

«አታቋርጪኝ! እናንተ እቤት ጆሮ ነፍጋችኋት፣ እኛ እዚህ በምን ተአምር እናናግራት?»

እንዲህ እያሉ ስለ ማዳመጥ ጥቅም ግማሽ ሰዓት ሰበኩላት። በመጨረሻ ጉሮሯቸው ደርቆ የውሃ ብርጭቋቸውን ሲያነሱ፣ ሴትዮዋ ፈጠን ብላ፦

«እንግዲያው ጋሼ፣ እኔንም ከልጄ ጋር ያስደግሙኝ፤ እዚህ ቢሮ ከገባሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረስኩም» አለቻቸው።