ቶርኖዋና ተከታዮቿ

በድሬዳዋ የሚኖር አንድ የባቡር ጡረተኛ በትርፍ ጊዜው ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽባት ትንሽ የቶርኖ ማሽን ነበረችው። ለሚስቱ ወጥ ከሚገዛው ዘይት ለቶርኖዋ የሚገዛው ይበልጣል እየተባለ ይታማ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሊሸጣት ወሰነ፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው።

ወሬውን የሰሙት ፊታውራሪ ዘገዬ አሽከሮቻቸውን አስከትለው መጡ። ቶርኖዋ ስትሽከረከር አይተው ወደዷት። የብረት መያዣዎቿንና መቁረጫ ስለቶቿን ግን በነፃ ካልወሰድኩ አሉ።

"እነሱ ለብቻ ነው የሚሸጡት፣ ጌታዬ" አላቸው ጡረተኛው።

"ምን ማለትህ ነው?" ብለው ጮኹበት። "ቶርኖዋ እመቤት ናት፣ እነዚህ ተከታዮቿ ናቸው። ተከታይ ደግሞ ዋጋ የለውም! እምቢ ካልክ ቤትህን አሳሽገዋለሁ።"

ሰውዬው ከፊታውራሪው ኋላ የቆሙትን አሽከሮች ቀና ብሎ አያቸው።

"እነዚህ ከሌሉ ቶርኖዋ እንዲሁ ባዶዋን ነው የምትሽከረከረው። የእርስዎም ተከታዮች ዋጋ ከሌላቸው እዚሁ ይተዉልኝና፣ ብቻዎን ሲሽከረከሩ እንይዎት።"

አሽከሮቹ ጌታቸው ምን እንደሚመልሱ ለመስማት ጆሯቸውን አቆሙ። ፊታውራሪው የሁሉንም ዋጋ ከፈሉ።